በሁለቱ መስመር መሀል

ውድ ቃለአብ፣

«ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ» ብዬ ልጀምር ብዕር አነሳሁና እጄ ቆመ። ደብዳቤ እንዲህ ተብሎ እንደሚጀመር ያስተማሩን አራተኛ ክፍል ነው፤ ለማይመልስ ሰው እንዴት እንደሚጀመር ግን ማንም አላስተማረንም። ስለዚህ ሰላምታውን ትቼ ወሬውን ልንገርህ። ወሬ ሳስረዝምብህ «ባለታፔላዋ፣ ወደ ፍሬ ነገሩ!» ትለኝ ነበር። ፍሬ ነገሩ ይኸውልህ፦ ከሞትክ በኋላ የንቅናቄያችን ልጆች ፊትህን በምልክታችን መሀል እንድስል ጠየቁኝ። ባዶ ይሁን ብለህ ሙጭጭ ባልክበት ቦታ ላይ ማለት ነው። አልስልም አልኳቸው። ከዚያ እናትህ ጠየቁኝ።

እዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ምልክቱ እንዴት እንደተወለደ ላስታውስህ። ታውቀዋለህ፤ አብረን ነው የሠራነው። ሰሞኑን ግን ሰው ሁሉ በየአፉ ሌላ ሌላ ታሪክ ሲፈጥርለት እየሰማሁ ነው። አንዱ በሕልሙ አየው ይላል፣ ሌላው ጸሎት ላይ ተገለጠለት ይላል። ወላሂ፣ ተገልጦልህ ቢሆን ኖሮ እንደዚያ ባልተጨቃጨቅን!

ያኔ ራሳችንን «ንቅናቄ» ብለን ስንጠራ እንኳ ሳቃችን ይመጣ ነበር። በስማችን የሚናገረውን የተማሪ ካውንስል ራሳችን እንምረጥ፣ ከተማው ስለ ወጣቱ ሲወስን ወጣቱም ይጠየቅ፤ ያልነው ይህንኑ ነው። ወልቂጤ ከኮሌጁ ጀርባ ባለችው ጁስ ቤት ተሰብስበን፣ አንድ አቮካዶ ለሁለት እየጠጣን ምልክት ፍለጋ ገባን። የእንሴኖው ራምዚ እንደ ልማዱ ቀድሞ ተነሳ። «የተጨበጠ እጅ! ዓለም ሁሉ የሚያውቀው!» ብሎ ጠረጴዛውን ሲመታ ብርጭቆዎቹ ዘለሉ። አንተ እጅህን ጨብጠህ ወደ እሱ ዘረጋህና «በል ሰላም በለኝ» አልከው። ራምዚ የተጨበጠውን እጅ ምን እንደሚያደርገው ግራ ገብቶት ሲያየው ሁላችንም ሳቅን፤ ጡጫው በዚያው ቀረ።

ከዚያ የእንሰት ቅጠል ተባለ። የስልጤዋ ነዒማ «እንሰቱን እኛም እንበላለን፤ አሁን የእናንተ የጉራጌዎቹ ብቻ ልታደርጉት ነው?» ብላ ተቆጣች። ችቦ ተባለ፤ የፓርቲ ይመስላል ተባለ። መጽሐፍ ተባለ፤ በየትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ተስሎ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ነገር ነው። ጨረቃን፣ ኮከብንና መስቀል የሚመስለውን ሁሉማ ገና ስማቸው ሳይነሳ ተውናቸው። እኔ የታፔላ ጸሐፊ ልጅ ስለሆንኩ የአባቴን ሕግ ነገርኳችሁ፦ «ከሚሮጥ ባጃጅ ላይ ካልተነበበ ታፔላ አይደለም።» አንተ ደግሞ «መሳል የማይችል ሰው ካልሳለው የተማሪ ምልክት አይደለም» ብለህ ጨመርክበት። መሳል የማይችለው ሰው አንተ ነበርክ። ፍየል ሳል ብንልህ ወንበር ስለህ አሳየኸን።

መልሱ የተገኘው ግን ጁስ ቤት ሳይሆን ልቅሶ ላይ ነው። አጎትህ፣ የእናትህ ወንድም፣ ሞተው ሚኒባስ ኮንትራት ይዘን ወደ ገጠር ወጣን። ጀፎረው ላይ ስንደርስ አገር ሁሉ ቆሞ ያለቅሳል። እኔ ቡታጅራ ከተማ ነው ያደግኩት፤ ጀፎረን የማውቀው እንደ መንገድ ነበር። ያን ቀን ግን ቆሜ አየሁት። ሰፊው ሳር ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ ተዘርግቷል፣ ቤቶቹ ግራና ቀኝ ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው ተሰልፈዋል። ሠርጉም ልቅሶውም ዳኝነቱም እዚያው ነው። አጥሩን ትንሽ ገፋ አድርጎ ከጀፎረው የቆረሰ ሰው ካለ ሽማግሌዎች ሰብስበው ያስነቅሉታል። ይህን ሁሉ አንተ በጆሮዬ እያንሾካሾክህ ነገርከኝ፤ አንዲት ሴትዮ ልቅሶ ላይ ወሬ ምንድን ነው ብለው ገላመጡን።

ስንመለስ ሚኒባሱ ጎማው ተንፍሶ ቆመ። አንተ እንጨት አንስተህ አፈሩ ላይ ሁለት መስመር አሰመርክ፣ ጎን ለጎን፣ ጀፎረው ከጫፉ ሲታይ እንደሚመስለው ታች ሰፋ ላይ ጠበብ ያሉ።

«ይኸው» አልክ።

«መሀሉስ?»

«ምንም የለበትም።»

«እንዴት ምንም? ትንሽ ዛፍ፣ ወይ ፀሐይ . . . ቢያንስ ከላይ በቅስት ልዝጋው።»

«ከዘጋሽውማ ግቢ ሆነ፤ ዘበኛ ይፈልጋል» አልከኝ። «ባዶ ይሁን ሩፋይዳ። ማንም መጥቶ ይቁምበት።»

ወልቂጤ እስክንደርስ ተከራከርኩህ። ባዶ ነገር ያልተጨረሰ ሥራ እንደሚመስል፣ ደንበኛ ቢሆን ኖሮ ገንዘቤን መልሺ እንደሚል ሁሉ ነገርኩህ። አልሰማህም። ደግሞም ትክክል ነበርክ። በማግሥቱ ጠመኔ ለያንዳንዱ ሰጥተን ሳሉ ስንል ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ሳሉ፤ አንተም ጭምር። አባትህ ጋሽ ካሳሁን በርና መስኮት የሚሠሩበት ቤት፣ ወደ አስፋልቱ የዞረው ግድግዳ ላይ፣ የመጀመሪያውን በነጭ የዘይት ቀለም የቀባኸው አንተ ነህ። የቀኙ መስመር ትንሽ ጠማማ ነው። ላስተካክልልህ ስል ብሩሹን ቀማኸኝ።

እንዴት እንደተዛመተ አንተም አይተሃል። በባጃጅ ጀርባ፣ በዴስክ ላይ፣ በልጆች ደብተር ላይ። ቡታጅራ ሲደርስ አባቴ ከሱቁ በር ላይ ቆሞ መነጽሩን አውልቆ አየውና «አስራ አንድ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የገበያው በር ነጋዴዎችም ከዚያ በኋላ «አስራ አንዶቹ» አሉን። ይህን ስነግርህ ስቀህ ስቀህ ስልክህ ከእጅህ ወደቀ። ካውንስሉ ግን አልተመረጠም። ዛሬ ነገ እየተባለ ተራዘመ፤ ዛሬም እንደተራዘመ ነው።

አንተ በዚያ መሀል፣ እኔ አባቴን ላግዝ ቤት ስከርም፣ ቡታጅራ መመላለስ አበዛህ። ምልክቱ የተቀደደበትን የካርቶን ስቴንስል ልትወስድ፣ ቀለም ልትጠይቅ፣ አንዳንዴም ምንም ሳትል የአባቴ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቁጭ ልትል። አባቴ ወዶህ ነበር፤ ስትቀር «ያ የጴንጤ ልጅ ዛሬ አልመጣም?» ይለኛል። እኔ መልስ ሳልሰጠው ብሩሽ ማጠብ እጀምራለሁ። የታጠበ ብሩሽ ስንቴ እንዳጠብኩ አላህ ይወቀው።

ያን ሐሙስ ደወልክልኝ።

«ነገ ከጁምዓ በኋላ አባትሽ ሱቅ ይኖራሉ?»

«ይኖራል። ስለ ቀለም ነው?»

«ስለ ቀለም አይደለም።»

«ታዲያ ስለ ምንድን ነው?»

«ለእሳቸው ነው የምነግራቸው» አልክ። ድምፅህ ሳቅም ፍርሃትም ነበረበት። «አንቺ ከጎን ሆነሽ ትሰሚያለሽ።»

ደስ አለኝ፤ ፈራሁም። አንተ ቤት መዝሙር፣ እኛ ቤት ሶላት፤ ማን ለማን ያጎነብሳል? አባትህ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። የእኔ አጎቶችም ዝም የሚሉ ሰዎች አይደሉም። ቢሆንም አርብ አባቴን ዛሬ ገበያ አትውጣ፣ ሥራ አለ ብዬ ዋሽቼ ሱቅ አስቀመጥኩት። ሰኔ ነው፤ በጉብሬ በኩል የሚመጣው የደጋ መንገድ ጉም እንደሚውጠው ታውቃለህ። የተሳፈርክበት ሚኒባስ እዚያ ጉም ውስጥ ተገለበጠ። ሌሎቹ ተረፉ። አንተ አልተረፍክም። ስልኩን የደወለልኝ ራምዚ ነው፤ አባቴ እስኪመሽ ድረስ «የታለ ሥራው?» እያለ ሲጠይቀኝ ነበር።

ቀብርህ ላይ ራምዚ ተናገረ። «ወንድማችን ለትግሉ ሲፋጠን ተሰዋ» አለ። ለጓደኞችህ «ቡታጅራ ጉዳይ አለኝ» ብለህ ስለወጣህ ለእነሱ ጉዳይ ማለት የንቅናቄው ጉዳይ ነው። እኔ ከቡታጅራ ከመጡት እንግዶች ጋር ድንኳኑ ጠርዝ ላይ ተቀምጫለሁ። ምን ልበል? ሒጃቤን አስተካክዬ በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መሀል ተነሥቼ «ለትግል አይደለም፣ እኔን ከአባቴ ሊጠይቅ ነው» ልበል? ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ልጆቹ ፊትህን መሀል ላይ እናስገባ ያሉት ከዚያ በኋላ ነው። ራምዚን ክፉ አታድርገው፤ እንደ እሱ ማንም አላለቀሰልህም። «ሰው ባዶ ቦታ አይከተልም» አለኝ። «ሰው ነው የሚከተለው። ፊቱን በየግድግዳው ሲያዩት ያፍራሉ፤ ካውንስሉን ይሰጡናል።»

«ባዶ ይሁን ያለው እኮ ራሱ ነው።»

«እሱማ ሞተ» አለና ከአፉ የወጣውን ቃል ሲሰማው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እኔ ግን አልተመለስኩም። አልስልም አልኩ። ስስት ብትለው ስስት ነው፤ አንተን ከእኔ ወስደው ለሁሉም እንዳያከፋፍሉህ ነው የፈራሁት። ደግሞ እኛ ቤት የሰው ፊት አይሳልም። አባቴ የፀጉር ቤት ታፔላ ሲያዙት እንኳ መቀስና ማበጠሪያ ስሎ ይሰጣቸዋል እንጂ ጭንቅላት አይስልም።

ከዚያ እናትህ እትዬ ፋንቱ አስጠሩኝ። ወልቂጤ ስደርስ ቤቱ ሰው ነበረበት። እትዬ ፋንቱ ወደ ጓዳ ይዘውኝ ገቡና በሩን ገርበብ አደረጉት።

«አልስልም አልሽ አሉ» አሉኝ።

«እትዬ፣ እሱ ነው ባዶ ይሁን ያለው። ጀፎረ መሀል ምን ይተከላል?»

«ምንም አይተከልም።»

«ታዲያ?»

«የወንድሜ ልቅሶ ላይ አልነበርሽም እንዴ? ፎቶውን ይዘን የቆምነው የት ነው? ጓዳ ውስጥ ነው? ሰው ሲሞት መሀል ላይ ይወጣል፣ ልጄ። አገር ያየዋል፣ ያለቅስለታል። ልቅሶው ሲያበቃ ፎቶው ቤት ይገባል፣ ከብቱም ወደ ሳሩ ይመለሳል። እኔ ትከይው አላልኩሽም፤ አውጪልኝ ነው የምልሽ። ዘመዶቼ በንግድ ተበትነው ነው ያሉት። አዲስ አበባ ያለው፣ ጅማ ያለው ገና አልደረሰልኝም፤ አገር የሚገቡት ለመስቀል ነው። አይተውት እስኪያለቅሱልኝ ይቆይ። ከዚያ እኔው ራሴ አነሳዋለሁ።»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ወደ ጌታው ሄዷል፣ አታልቅሺ ይሉኛል። ሄዷል፤ አውቃለሁ። እኔ ግን ቀረሁ። ለዘመድ ሁሉ በስልክ መኪና ተገለበጠ፣ መኪና ተገለበጠ ስል፣ ልጄ የተጫነ ዕቃ ይመስለኛል።»

ውጭ ወጥቼ ለአባቴ ደወልኩለት። «እኔ ፊት ስዬ አላውቅም፤ አንቺም ባትስይ ደስ ይለኛል» አለኝ። «ሐዘንተኛ እናት ግን ባዶ እጇን አትመለስም። በከሰል አድርጊው። ቀለም አይንካው፣ ታጥቦ የሚሄድ ይሁን። አላህ ልብሽን ያያል።»

በአባትህ ግድግዳ ላይ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ከክረምቱ ዝናብ በሚከልለው ቦታ፣ በራስህ መስመሮች መሀል ሳልኩህ። ስልኬ ውስጥ ያለውን ፎቶ ገና ግንባርህን ሳልጨርስ ዘጋሁት፤ አላስፈለገኝም። ትልልቅ ጆሮዎችህን አላሳነስኩልህም፤ ይቅርታ። ፊት ስሎ የማያውቀው እጄ እንዴት እንዳወቀህ አላውቅም። ዓይንህን ግን ለመጨረሻ አቆየሁት፤ ደጋግሜ ተነሥቼ ሄድኩ፣ ተመለስኩ። ጋሽ ካሳሁን የብረት መቁረጫ ግራይንደራቸውን አጥፍተው ወጡ፣ አዩህ፣ ምንም ሳይሉ ተመልሰው ገቡ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ከውስጥ የብረት ድምፅ አልተሰማም።

በመስቀል ሰሞን ዘመዶችህ ገቡ። ሱፍ የለበሱ ትልልቅ ነጋዴዎች ከመኪናቸው ወርደው ግድግዳው ፊት እንደ ልጅ አለቀሱ። የመዘምራን ልጆች መጥተው ዘመሩልህ። ራምዚም እየመጣ ለእያንዳንዱ እንግዳ እንዴት እንደተሰዋህ ይነግራል፤ በተናገረው ቁጥር ታሪኩ ይረዝማል። እኔም ከቡታጅራ እየተመላለስኩ ከእንግዶች ጋር እቀመጣለሁ፣ የቀረበልኝን ቆጮ እቆርሳለሁ፣ «አላህ ያጽናችሁ» ብዬ እመለሳለሁ። ሥዕሉን ከጨረስኩ በኋላ ወደ ግድግዳው ቀና ብዬ አላየሁም።

እንግዶቹ ወደየሥራቸው ሲመለሱ እናትህ ደወሉልኝ። «ነይ፤ ልናነሳው ነው።» ስደርስ ራምዚ በጣሳ ቫርኒሽ ይዞ ቆሟል።

«እማማ፣ በዚህ ብንቀባው ዝናብም አይነካው፣ ዘላለም ይኖራል» ይላቸዋል።

«ዘላለም ያለው ሌላ ቦታ ነው» አሉት። «እኔ ልቅሶዬን ጨረስኩ። አንተም ጨርስ፣ ልጄ። በል ውሃ አምጣልኝ።»

ራምዚ ቫርኒሹን እንደያዘ ትንሽ ቆመ። ከዚያ አስቀመጠውና ባልዲ ይዞ ሄደ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ባልዲውን አጠገባችን አድርጎ ሳያየን ወጣ። ነገሩ ሁሉ በዚህ አልቋል ብዬ አልዋሽህም፤ ቲሸርት ቀድመው አሳትመዋል፣ እንሴኖም አንድ ባጃጅ ጀርባ ላይ አለህ፣ አፍንጫህ ፈጽሞ አንተን አይመስልም።

እናትህ ነጠላቸውን አደግድገው ጨርቁን ነክረው ከፀጉርህ ጀመሩ። ቀስ ብለው፣ ትንሽ ልጅ እንደሚያጥቡ። ጥቁሩ ውሃ በግድግዳው ወረደ። ግንባርህን አጠቡ፣ ጆሮህን አጠቡ። ከዚያ ወደ ታች ወርደው አገጭህን፣ አፍህን። ዓይንህ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። ወደ እኔ ሳይዞሩ ጠየቁኝ።

«ቡታጅራ ምን ሊሠራ ነበር የሄደው? ራምዚ ለትግሉ ነው ይላል። ልጄ ግን ያን ቀን ጠዋት ሸሚዙን ሁለት ጊዜ ነው ያስተኮሰኝ። ለስብሰባ ሸሚዝ አስተኩሶ አያውቅም።»

«ወደ እኛ ቤት ነው» አልኳቸው። «አባቴን ሊያናግረው ነበር። ስለ እኔ።»

እትዬ ፋንቱ ጨርቁን እንደያዙ ቆዩ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ልጄን ወደዚያ መንገድ የወሰድሽው አንቺ ነሽ ይሉኛል ብዬ ነበር።

«አንቺ ምን ልትይው ነበር?» አሉኝ።

ቃለአብ፣ ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። አንተም ሳትጠይቀኝ ነው የሄድከው።

«እሺ» አልኳቸው። «እሺ ልለው ነበር።»

ዞር ብለው አዩኝ። «ታዲያ ያን ሁሉ ቀን» አሉ፣ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ፣ «ያን ሁሉ ቀን ከእንግዳ ጋር ምን አስቀመጠሽ?»

መልስ አልጠበቁም። ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ነከሩት፣ ጨመቁትና በእጄ አስያዙኝ።

«ዓይኑን አንቺ እጠቢው» አሉኝ።

አጠብኩህ።

ይኸው ነው ወሬዬ። ዛሬ ሐሙስ ነው። ነገ አንተ ለአባቴ ልትነግረው የተነሳኸውን እኔ እነግረዋለሁ፤ ምን እንደሚል አላውቅም። ደህና ሁን።

ሩፋይዳ ሙስተፋ
ቡታጅራ